ኮር ከመቁጠራችሁ በፊት

ባለብዙ ኮር ፕሮሰሰር (ሲፒዩ) ልትገዙ ነው? ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራ የሚሠራው አንዱ ክፍል ነው። ቆይ፣ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት አሁን ባላችሁ ኮምፒውተር የዘወትር ሥራችሁን ክፈቱ። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ ግቡና የሲፒዩው ግራፍ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ቼንጅ ግራፍ ቱ ከሚለው ሥር ሎጂካል ፕሮሰሰርስን ምረጡ። ግራፉ ተከፋፍሎ ስንቱ እየሠራ እንደሆነ ያሳያችኋል።

እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቢሮ ያለው አርክቴክት ጓደኛዬ ጋ ሞከርነው። የፕላን መሳያው አውቶካድ ላይ ከግራፎቹ አንድ ሁለቱ ብቻ ሲሯሯጡ ሌላው ለሽ ብሏል። የ3ዲ ፕሮግራሙ ብሌንደር በሲፒዩ ሬንደር ሲያደርግ (ሞዴሉን ወደ ምስል ሲቀይር) ግን ሁሉም 100 ፐርሰንት ገቡ። እንደ ኤኤምዲ ትሬድሪፐር 3990ኤክስ ያለ ባለ 64 ኮር ፕሮሰሰር የሚያዋጣው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ለአውቶካድ የኮሩ ቁጥር ትንሽ ሆኖ እያንዳንዱ ኮር ፈጣን የሆነውን ግዙ።

ደግሞ ያ ባለ 64 ኮሩ ቺፕ ብቻውን 280 ዋት ነው። መብራት ሲጠፋ ትንሿ ዩፒኤሳችሁ (የመጠባበቂያ ባትሪዋ) ምን እንደምትሆን እናንተው አስቡት።