የሻገተ ማሽላና የጉበት ካንሰር፦ ጎተራ ከመግባቱ በፊት በጨው ይፈትሹ

በሸዋሮቢትና በኤፍራታ ግድም ቆላ ማሽላና በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ ጎተራ ወይም ጉድጓድ ከገባ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ የጉበት ካንሰር ያስከትላል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለ የጉበት ቫይረስ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው እጅግ ይብሳል።

መድረቁን ለማወቅ እህሉን ነክሶ መገመት አይበቃም። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው እህል፣ በላዩ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ። ጨው እርጥበት ስለሚስብ አስቀድመው ፀሐይ ላይ ያድርቁት፤ አለዚያ ያሳስታል። ከድነው 1 ደቂቃ በኃይል ይነቅንቁ፣ 15 ደቂቃ ያሳርፉት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እንደገና ሸራ ላይ ይሰጣ፣ ባዶ መሬት ላይ አይሁን። ባይጣበቅም ክረምቱን ለሚሻገር እህል እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ መውረድ አለበትና ተጨማሪ ፀሐይ ይስጡት።

የሻገተውን መቁላትም ሆነ መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። እባካችሁ «ለላም ይሁን» አትበሉ፤ ላሟ ከበላችው መርዙ በወተቷ አልፎ ልጆች ጋ ይደርሳል።