የጀልባ መሪ ሲከብድ ከፓምፑ በፊት ኬብሉን እዩ

የሞተር ጀልባችሁ ፓወር ስቲሪንግ ከብዶ ክንዳችሁን አዛለው? የመሪውን ዘይት የሚገፋውን ፓምፕ ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ የመሪ ዘይቱንና የፓምፑን ቺንጊያ እዩ። ዘይቱ አረፋ ከሠራ አየር ገብቶበታል።

እነሱ ደህና ከሆኑ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉንም ንቀሉ። ከዚያ የመሪውን ኬብል በሞተሩ በኩል ካለው ጫፍ ፍቱትና መሪውን አዙሩ። አሁንም ድርቅ ካለ ጥፋቱ ከኬብሉ ወይም ከመሪው ጥርስ ነው። ፓምፑ ጥፋት የለበትም። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኬብሉን ነው፤ ውስጡ ውሃ ይገባና ይዝጋል። የዛገን ኬብል ደግሞ ግራሶ አያድነውም፣ መቀየር ነው።

መሪው ቀለል ብሎ ከዞረስ? የሞተሩን እግር፣ ማለትም ከጀልባው ኋላ ፕሮፔለሩን የያዘውን ክፍል፣ በእጃችሁ ግራና ቀኝ ግፉት። ትንሽ መክበዱ ያለ ነው። ጭራሽ አልነቃነቅ ካለ ግን እግሩ የሚዞርበት መታጠፊያ ተጣብቋል። እሱም ደህና ከሆነ፣ ያኔ ወደ ፓምፑ ሂዱ።