የቢሮ ዴስክቶፕን በተማሪ አቅም ወደ ጌም ኮምፒውተር መቀየር

ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር በትንሽ ብር ከፈለጋችሁ፣ መርካቶም ሆነ ፒያሳ ወርዳችሁ አዲስ ዕቃ አንድ በአንድ አትልቀሙ። ኬዝ፣ ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ ብሩን ይጨርሱትና ግራፊክስ ካርዱ (የጌሙን ምስል የሚሠራው) ጋ ስትደርሱ ኪሱ ባዶ ይሆናል። የሚያዋጣው ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ ካርድ መጨመር ነው። መብራቱ የሚያብለጨልጭ ኬዝ ጌሙን አያፈጥነውም።

ኮር አይ5-6500 ፕሮሰሰር ያለው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7040 ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ2 ይበቃል። ብር ከተረፈ አይ5-8500 ያለው ኦፕቲፕሌክስ 7060 ይሻላል፤ ኮሩ (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍል) ከ4 ወደ 6 ያድጋል። በዚያ ላይ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ (እንደ 8500) ወዲህ ያለውን ፕሮሰሰር ነው። ትልቁን ታወር ምረጡ። ቀጭኑ ኬዝ በዋጋ ቢያማልልም አጭር ካርድ ብቻ ነው የሚገባበት።

ሳትከፍሉ በፊት ሱቁ ውስጥ አስነሱትና ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10 ተጫኑ። ባዮሱ (የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ) የይለፍ ቃል ከጠየቀ፣ ሻጩ «ቀላል ነው፣ ቤት ይከፈታል» ቢላችሁም ትታችሁ ውጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካርዱ ላይ ነው። የኦፕቲፕሌክስ 7040 ታወር ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት ብቻ ነው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም የለውም። የዴል መሰኪያ የራሱ ስለሆነ የገበያውን ፓወር ሰፕላይ ያለ አዳፕተር መተካት አይቻልም። ስለዚህ ማዘርቦርዱ ላይ ከሚገባበት ማስገቢያ በሚያገኘው 75 ዋት የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል፦ ጂቲኤክስ 1650 ወይም 1050 ቲአይ። ከ1650ዎቹም ጠርዛቸው ላይ ባለ 6 ቀዳዳ መሰኪያ ያላቸው አሉ፤ ገልብጣችሁ እዩና እነሱን ተዉ። ካርዱ እንዲገባ የኬዙን ውስጥም ቀድማችሁ በሜትር ለኩ።

አሮጌ ካርድ የራሱ ባዮስ (ስሙን ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ፕሮግራም) ተቀይሮ «1050 ቲአይ» ተብሎ ይሸጣል። ዊንዶውስም ያንኑ ስም ያነባል፤ ጌም ሲከፈት ግን ይዘጋል። ኋላው ላይ ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ ካያችሁ ጠርጥሩ። ጂፒዩ-ዜድንና (ካርዱን የሚለይ ፕሮግራም) ፈርማርክን (ካርዱን አስጨንቆ የሚፈትን ፕሮግራም) በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ጂፒዩ-ዜድ ብዙዎቹን ሐሰተኛ ካርዶች ለይቶ ስማቸው ላይ «ፌክ» ብሎ ይጽፋል። ፈርማርክን 15 ደቂቃ አሩጡት፤ ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ ካለፈ ወይም ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከወጣ መልሱት።

ስትገጥሙ መጀመሪያ ገመዱን ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ አንዴ ተጫኑ (የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲፈስ ነው)፣ የኬዙን ብረት ንኩ። ራም አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ይበልጣል፣ በሁለት ቻናል (በሁለት መስመር ባንድ ጊዜ) ስለሚሠራ። የቢሮ ማሽን ብዙ ዓመት ስላገለገለ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ተርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። በአልኮል ጠርጉና የምስር ፍሬ ያህል አዲስ ጨምሩ፤ ሲበዛ ወደ ጎን ይፈሳል። አቧራ ስታራግፉ ፋኑን በጣት ያዙት። ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ከሆነ በ480 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ቀይሩ።

ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የስክሪኑ ገመድ በካርዱ ፈንታ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ነው። ቢፕ ቢፕ ካለ ራሙን አውጥታችሁ መልሱት።

የሚቀረው መብራት ነው። 4 ኪሎና 6 ኪሎ አካባቢ በምትከራዩት ግቢ ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጅ ሊወርድ ይችላል፤ ኮምፒውተሩም ራሱን ያጠፋል። ምድጃና ኮምፒውተር አንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሲመጣ 5 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ መልሱ፤ ዕቃ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ ሲመለስ ነው። 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ከገዛችሁም ሴቭ አድርጎ ለመዝጊያ ደቂቃዎች ነው የሚሰጣችሁ፣ ጨዋታ ለመጨረሻ አይደለም።