ኤልሳት ላይ ሰዓት የሚበሉ ስህተቶች

ልጁን ያገኘሁት ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ካፌ በረንዳ ላይ ነው። ስልኩን 35 ደቂቃ ሞልቶ የኤልሳት ልምምድ ይሠራል፤ የአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና። 9ኛው ጥያቄ ላይ እስክሪብቶውን ነከሰ። አነበበው፣ ደገመው፣ ሠለሰው። የማኪያቶው አረፋ ጠፋ። ስልኩ ሲጮህ አምስት ጥያቄ ገና አልነካም።

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛዬ እኮ ቀርፋፋ ነው» አለኝ።

አልመሰለኝም። ሰዓቱን የበላው እልሁ ነው።

አንዱን ጥያቄ ሙጥኝ ማለት

የሎጂክ ክፍሉ 35 ደቂቃ ነው፤ ጥያቄው 25 ገደማ። ለአንዱ 1 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይደርሰዋል። 9ኛው ግን ስድስት ደቂቃ ወሰደ። የአራት ጥያቄ ድርሻ በላ ማለት ነው። ከባዱም ቀላሉም ነጥባቸው እኩል ነው። እልህ ሌላ ቦታ ያስከብር ይሆናል፣ እዚህ ግን ኪሳራ ነው። ሁለት ደቂቃ ካለፈ የመሰላችሁን ምረጡ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ባንዲራ ነክታችሁ እለፉ። ሰዓት ከተረፈ ትመለሳላችሁ።

በሆድ እየተረጎሙ ማንበብ

ይሄኛው ሰዓት ብቻ ሳይሆን መልስም ያስጥላል። እንግሊዝኛው ‹ሰም› የሚላት ቃል አለችው (ከሰምና ወርቁ ጋር ዝምድና የላትም)። እኛ ‹አንዳንድ› እንላታለን። «አንዳንድ ተማሪዎች መጡ» ስንል ያልመጡም አሉ ማለታችን ነው። በፈተናው ግን ‹ቢያንስ አንድ› ማለት ብቻ ነው፤ ሁሉም መጥተው ከሆነም ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ሁለት ምርጫ መሃል ሲዋልል ደቂቃው ያልቃል። ‹አንለስ›ም (‹ካልሆነ በቀር›) እንደዚያው ታስቸግራለች። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብላችሁ እነዚህን ጥቂት ቃላት በፈተናው ቋንቋ ያዟቸው።

ባዶ መተው

የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም። አምስት ደቂቃ ሲቀር ማሳሰቢያ ይመጣል፤ ያኔ ባዶ የቀረውን ሁሉ ሙሉ። ከአምስት ምርጫ አንዱ ሊመታ ይችላል። ባዶው ግን መቼም አይመታም።

ምንባቡን ሁሉ ማስመር

የንባብ ክፍሉ አራት ምድብ አለው፤ ለአንዱ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጸሐፊው ምን እንደሚደግፍ ብቻ ያዙ። ዝርዝሩ ሲጠየቅ ይፈለጋል።

ባረጀ መጽሐፍ ማጥናት

እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ኮፒ ተደርጎ ከእጅ እጅ የሚዞር መጽሐፍ አለ፤ ብዙው ገጹ ‹ሎጂክ ጌምስ› ነው፤ ሰዎችን በተራ የማሰለፍ፣ በቡድን የመመደብ እንቆቅልሽ፣ ከላይ ካልኩት የሎጂክ ክፍል የተለየ። ክፍሉ ከነሐሴ 2016 ጀምሮ ከፈተናው ወጥቷል። አሁን ነጥብ የሚያዝባቸው ሁለት የሎጂክና አንድ የንባብ ክፍል ናቸው። አራተኛ ክፍል አለ፣ አይታሰብም፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይነገራችሁም፣ ስለዚህ ሁሉንም ከልብ ሥሩ።

ሰዓት እያቆሙ መለማመድ

ስልክ ሲደወል፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚያቆም ሰው የፈተናውን 35 ደቂቃ አያውቀውም።

ያልተጠየቁትን መፈተን

እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተመርቃችሁ ለኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) የምታመለክቱ ከሆነ፣ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ኤልሳት አይጠይቁም። ፈተናው ለጄዲ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ጠበቃ የሚያደርገው መደበኛ የሕግ ዲግሪ። መጀመሪያ የምታመለክቱበትን ትምህርት ቤት መስፈርት አንብቡ፤ ወራት ሊተርፍላችሁ ይችላል።

ልጁን በሳምንቱ እዚያው በረንዳ ላይ አገኘሁት። 11ኛው ላይ ፊቱ ጠቆረ። እስክሪብቶውን ሊነክስ አለና ተወው፣ ‹ቢ› ብሎ አለፈ። ስልኩ ሲጮህ ያልነካው ጥያቄ አልነበረም። ሒሳብ ከፍለን ስንነሳ፦

«ግን ጋሼ፣ ያቺ 11ኛዋ…» አለኝ።