ከከተማው ዳር ሆኖ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚረዳ ቡድን እንዴት ይገኛል? እንዴትስ ይገባበታል?

አያት ኮንዶሚኒየም በኖርኩባቸው የመጀመሪያ አራት ዓመታት አረቄ የምጠጣው በቡና ሲኒ ነበር። ጎረቤቶቼ ቡና የምትወድ ሴት እንጂ ሌላ አያውቁኝም። ዛሬ ከተውኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ስንት ጊዜ ምዬ አፍርሻለሁ፤ ያቆመኝ ግን በየሳምንቱ የምሄድበት የመረዳጃ ቡድን ነው።

ከቡድኑ በፊት ሐኪም ይቀድማል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ ላብና መንቀጥቀጥ ሊጀምረው ይችላል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊከተል ይችላል፤ ይህኛው ካልታከመ ሊገድል ይችላል። እኔ ይህን ሳላውቅ የሁዳዴ መያዣ ሰኞ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ብዬ አቆምኩ። ማክሰኞ ሌሊት ወደቅሁ። እህቴ ክብሪት እየጫረች ታሸትተኝ ነበር። ክብሪት ምንም አይረዳም፤ የወደቀውን ሰው በጎኑ አስተኝተው፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳይከቱ፣ ፈጥነው ሐኪም ቤት ያድርሱት። ጸበልም ተጠምቄያለሁ፣ አምኜበታለሁም። ነገር ግን ጸበል ቦታ ሲሄዱ ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት አያቋርጡ።

በእኛ አቅጣጫ ላለ ሰው የካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ለመርካቶ አካባቢ ቅርብ የሆነው አማኑኤል ነው። ካርድ አውጥተው መድኃኒት ብቻ ተቀብለው አይመለሱ። ነርሷን ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያውን «መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቡድን ታውቃላችሁ? ስልኩስ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው፣ በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በሁለት ጠጪዎች የተጀመረው ማኅበርም በከተማችን ስብሰባዎች አሉት። የአባልነት ክፍያ የለውም፤ ለመግባት የሚጠየቀው ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። የሰው ማንነት ስለሚጠበቅ በር ላይ የተሰቀለ ማስታወቂያ አይጠብቁ።

ስለዚህ ሳይደውሉ አይሂዱ። ቦታውና ሰዓቱ ሊቀየር ይችላል። ስብሰባው በአማርኛ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ? ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ክፍት ከሆነ ቤተሰብ ይዘው መግባት ይችላሉ፤ ዝግ ከሆነ የሚገባው ችግሩ ያለበት ሰው ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዓቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ያረጋግጡ። እኔ ያገኘሁት ወረቀት ላይ 6፡00 ይላል። በቀትር ደረስኩ። ዘበኛው «ማንም የለም» አለኝ። ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር የምሽት 6፣ በእኛ 12 ሰዓት ነበር። ሰዎቹ የተደበቁኝ መሰለኝና ያን ዕለት ቤቴ ተመልሼ እስክተኛ ጠጣሁ። አንዲት ቁጥር ሁለት ወር አስከፈለችኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ እሱም በሩን ማለፍ ነው። ሁለት ጊዜ ከበሩ ተመልሻለሁ። ሴት ልጅ ጠጪ ተብላ ከመታየት ሞት ይሻላታል ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ውስጥ የሰፈሬ ሰው ቢኖርስ የሚለው ሐሳብ ጉልበቴን ያብረከርከው ነበር። ቢኖርም እርሱም የመጣው ለዚያው ነው፤ ይህን የተረዳሁት ግን ከገባሁ በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ያስገባኝ ድፍረት አልነበረም። ስደውል «የሚቀበለኝ ሰው ይኖራል?» ብዬ ጠየቅሁ፤ አንዲት እናት ታክሲ መውረጃው ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። «ነይ ልጄ፣ ሻይ አለ» ብቻ አሉኝ። እርስዎም ይህን ይጠይቁ፤ ሴት ከሆኑ ሴት እንድትቀበልዎት ይጠይቁ። ለዘበኛ «ለስብሰባ ነው» ማለት ይበቃል። አሥር ደቂቃ ቀድመው ይድረሱና ለበሩ ቀረብ ብለው ይቀመጡ። ተራው ሲደርስዎ «ዛሬ ላዳምጥ» ካሉ ማንም አያስገድድዎትም። እኔ አራት ስብሰባ ሙሉ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

መመለሻውን አስቀድመው ያስቡ፤ ዳር ለምንኖር ሰዎች ግማሹ ሥራ ይህ ነው። ስብሰባው ልብን ከፍቶ ይለቅቃል፤ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ፣ ረሃብና ድካም፣ ከመውረጃው እስከ ቤት ድረስ የተደረደሩ ግሮሰሪዎች አሉ። የምሽቱን ትቼ የቀኑን ስብሰባ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ምሽት ብቻ ካገኙ በልተው ይሂዱ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ብቻ ይያዙ፣ ባቡሩ ባይኖር በምን እንደሚመለሱ ይወቁ፣ ሲወርዱም ለአንድ ሰው ደውለው እያወሩ ይለፉ።

በስልክ የሚደረጉ የኢንተርኔት ስብሰባዎችም አሉ። መንገድ ሲዘጋ ወይም ሰው ሲታመም ይጠቅማሉ። ለጀማሪ ግን አልመክራቸውም፤ እኔ ካሜራውን አጥፍቼ ሲኒዬን ይዤ ተቀምጬባቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መሄድ ነው። የሁለት ሰው ስልክ ይያዙ፤ የበዓል ዋዜማና የለቅሶ ድንኳን ሲመጣ ይደውሉላቸው። ጠላ ሲቀርብልዎት «መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለት በቂ ነው። በመሃል ከጠጡም በሚቀጥለው ሳምንት ይሂዱ። እኔ በአምስተኛው ወር ጠጥቼ ስመለስ እኚያው እናት ወንበሬን ይዘውልኝ ነበር።