ከባፈር ውጪ የሚያነብ የፋይል ሲስተም ባግ ስታስተካክሉ እነዚህን ተዉ

ካሳን (KASAN፣ የሊኑክስ ከርነል የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ) «ስላብ አውት ኦፍ ባውንድስ» ማለትም «ከተመደበው ሜሞሪ ውጪ ተነካ» ብሎ ሲጮህ ስታክ ትሬሱ (የተጠሩት ፈንክሽኖች ዝርዝር) ወደሚያሳየው መስመር ሮጣችሁ አንድ ኢፍ የምትለጥፉ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉ። እዛ ጋ ያያችሁት ውጤቱን ነው፣ መጥፎው ቁጥር የገባው ከዲስክ ሲነበብ ነው፣ እሱ ቁጥር ደግሞ ሌላም ቦታ ይሄዳል፣ ሲዝቦት (syzbot፣ ከርነሉን በራሱ እየፈተነ ባግ የሚያገኘው ቦት) በሌላ በኩል ዞሮ መምጣቱ አይቀርም።

የሊኑክሱን ፋይል ሲስተም ኤክስት4ን (ext4) እንይ። የዳይሬክቶሪ ኢንትሪ 8 ባይት ሄደር አለው፦ 4 ለአይኖድ ቁጥር (የፋይሉ መለያ)፣ 2 ለሬክ ሌን ማለትም ቀጣዩ ኢንትሪ ስንት ባይት ወደፊት እንዳለ፣ 1 ለስሙ ርዝመት፣ 1 ለፋይል ታይፕ። ሁሉም ከዲስክ ነው የሚመጣው፣ ፍላሹን ማን እንዳዘጋጀው ደግሞ አታውቁም። ሬክ ሌን 0 ከሆነ ሉፑ እዛው ይዞራል፣ ከብሎኩ ካለፈ የሌላ ሰው ሜሞሪ ታነባላችሁ። ይሄን ብዙዎቻችሁ ቼክ ታደርጋላችሁ፣ የሚረሳው ግን ሬክ ሌንን ራሱን ከማንበባችሁ በፊት 8 ባይት መቅረቱን ማየት ነው። 4096 ባይት ብሎክ ላይ 4092 ላይ ቆማችሁ ሬክ ሌንን ካነበባችሁ እኮ ከባፈር የወጣው ቼካችሁ ራሱ ነው!

«ኦፍሴት ሲደመር ርዝመት ከሳይዝ በለጠ ወይ» ብላችሁም አትጻፉ። በ32 ቢት አንሳይንድ ኦፍሴቱ 16፣ ርዝመቱ 4294967290 ቢሆን ድምሩ ዞሮ 10 ይሆንና ቼኩን ሰላም ብሎ ያልፋል። መጀመሪያ ኦፍሴቱ ከሳይዝ አለመብለጡን እዩ፣ ከዛ ርዝመቱን ከቀሪው ጋር አወዳድሩ።

ከርነሉን ሆን ብሎ የሚጥለውን ባግ ኦን (BUG_ON) አትጠቀሙ፣ በተበላሸ ፍላሽ ማሽኑ ለምን ይውደቅ? «ፋይል ሲስተሙ ተበላሽቷል» የሚለውን ኤረር ኢኤፍኤስኮራፕትድ (EFSCORRUPTED) መልሱ፣ ስትመልሱም ባፈር ሄዱን (ከዲስክ የተነበበውን ብሎክ የያዘውን) መልቀቅ አትርሱ።

አንድ ጎበዝ ልጅ ደግሞ አሎኬሽኑ ላይ 64 ባይት ጨምሮ «ጠፋ» ብሎ ፓች ላከልኝ። ካሳን ዝም አለ እውነት ነው፣ ምክንያቱም ንባቱ አሁን የሚያርፈው የተፈቀደ ሜሞሪ ውስጥ ነው፣ ዳይሬክቶሪው ሲዘረዘር ግን የፋይል ስሞቹ ጫፍ ላይ ቆሻሻ ነበር። ማስተካከል አይባልም ይሄ፣ መደበቅ ነው። እና አሪፍ ልጅ ነው እኮ፣ ለዛ ነው የሚያናድደው።

ስትሞክሩት የዲስክ ኢሜጁን በሄክስ ኤዲተር ከፍታችሁ ሬክ ሌኑን 0፣ 7፣ 4100 እያደረጋችሁ ካሳን በበራበት ከርነል ማውንት አድርጋችሁ ዳይሬክቶሪውን ዘርዝሩ። ኢሜጁን ስትፈጥሩ ግን ሜታዳታ ቼክሰም (መረጃው መበላሸቱን የሚያሳየው ማረጋገጫ ቁጥር) ይጥፋ፣ አለዚያ ቼክሰሙ ቀድሞ ይጥለውና የናንተ ኮድ ጋ ሳይደርስ «ሰራ» ትላላችሁ፣ ሆን ብሎ ኢሜጅ የሚያበላሽ ሰው ደግሞ ቼክሰሙንም አስልቶ ነው የሚሰጣችሁ።