የሆድሽን ልጅ ጠባይ ልመጂ

የእርግዝና ክትትል ክፍል ከምንሰማቸው ጥያቄዎች የማይቀረው ይሄ ነው፤ «ሲስተር፣ ጎረቤቴ በአራት ወሯ ተራገጠብኝ ትላለች፣ የኔ ግን ዝም ብሏል።» አዋላጅ ነርስ ከሆንኩ 11 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆችም ወልጃለሁ፤ ስለዚህ በሁለቱም ወገን ሆኜ ልንገርሽ።

የመጀመሪያ ልጅሽ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚሰማሽ ከ18 እስከ 20 ሳምንት ላይ ነው፤ ከዚያ የምትዘገይም አለች። ወልዳ የምታውቅ ሴት በ16 ሳምንትም ትለየዋለች። አልትራሳውንድ ላይ የእንግዴ ልጁ ከፊት በኩል ነው ከተባልሽ ደግሞ በልጁና በሆድሽ መካከል እንደ ፍራሽ ስለሚሆን ቆይቶ ሊሰማሽ ይችላል። 24 ሳምንት ሞልቶሽ ምንም ካልተሰማሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂና ታዪ።

መጀመሪያ ላይ እርግጫ አትጠብቂ። የዓይንሽ ቆብ እርግብ እርግብ ሲልብሽ ታውቂ የለ? እሱን ከእምብርትሽ በታች አስቢው። እናቴ «ሽሮ ቡክ ቡክ ሲል» ትለው ነበር። እኔ በመጀመሪያው ልጄ ሽምብራ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆዴን ስረግም ከርሜያለሁ።

28 ሳምንት ላይ ስትደርሺ ጠባዩን ማወቅ አለብሽ። መቼ ይነሳል? መቼ ይተኛል? አብዛኞቹ ማታ ማታ ይበረታሉ፤ ቀን ደግሞ አንቺ ስትሯሯጪ ልብ አትይውም። በሆድ ውስጥ ያለ ልጅ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይተኛል፣ ከ90 ደቂቃ በላይ መተኛቱ ግን ብርቅ ነው። እርግጫውም፣ መገላበጡም፣ መንጠራራቱም እንቅስቃሴ ነው። ሆድሽን በእኩል ምት ትክ ትክ የሚያደርገው ስቅታ ስለሆነ እሱን አትቁጠሪው።

«በቀን ስንት ጊዜ?» ትይኛለሽ። ለሁሉም ልጅ የሚሠራ ቁጥር የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሁሉ በየቀኑ ትቁጠር አላለም፤ እንቅስቃሴውን ታስተውል፣ ሲቀንስባት ትናገር ነው ያለው። ስለዚህ ደብተር ይዘሽ ውለሽ እንድታድሪ አልፈልግም። የሚመዘነው የራስሽ ልጅ ከራሱ ልማድ ጋር ነው።

አሁን የሚያናድደኝ ነገር። «ወሯ ሲገባ ልጁ ቦታ ይጠበዋል፣ ዝም ይላል» የሚባለው። ውሸት ነው። እንቅስቃሴው እስከ 32 ሳምንት አካባቢ ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላ እስክትወልጂ ባለበት ይቀጥላል። ዓይነቱ ሊለወጥ ይችላል፤ እርግጫው ወደ መግፋትና መገላበጥ ይሄዳል፣ ግን አይቀንስም። ምጥ ከጀመረሽ በኋላ እንኳ ይሰማሻል።

ይህን የምልሽ እኔው ራሴ ተሸውጄበት ነው። ሁለተኛዋን ይዤ 37 ሳምንት ላይ ነበርኩ፣ የፋሲካ ዋዜማ። ሽንኩርት ስከትፍ፣ ዶሮ ስገነጥል ዋልኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አረፍ ስል ሁልጊዜ ቡና ሲቆላ ጀምራ የምትንጠኝ ልጅ ዛሬ እንዳልነካችኝ ትዝ አለኝ። አማቴ «ደክሞሽ ነው ልጄ፣ እሷም ትረፍ» አሉ። እኔ አዋላጇ ደግሞ «ቦታ ጠቧት ይሆናል» አልኩ! ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት። በግራ ጎኔ ተኛሁና ሁለት ስኒ አጠገቤ አስቀመጥኩ፤ በአንዱ አሥር የቡና ፍሬ፣ ሌላው ባዶ። በተንቀሳቀሰች ቁጥር አንድ ፍሬ ላሻግር። በሁለት ሰዓት ውስጥ የተሻገረው ሦስት ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ታክሲ ይዘን ሄድን። የሽርት ውሃዬ አንሶ ነበር፤ ሳይነጋ በኦፕራሲዮን ተወለደች፣ 2.6 ኪሎ።

እንግዲህ አንቺም ከ28 ሳምንት በኋላ ከተጠራጠርሽ እንደዚሁ አድርጊ፤ በግራ ጎንሽ ተጋድመሽ፣ ስልክሽን አርቀሽ፣ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርገሽ ልብ በይው። በሁለት ሰዓት ውስጥ 10 ካልሞላ ተነሺ። መቀነሱን ወይም መቆሙን እርግጠኛ ከሆንሽ ግን ቁጠራ ምን ያደርጋል፣ ወዲያው ሂጂ። 28 ሳምንት ባይሞላሽም ይሰማሽ የነበረው ከጠፋ እንደዚያው።

ለስላሳ ጠጪና ይነሳል የሚሉሽን ተያቸው፤ ጥምሽን ከመቁረጥ በቀር ልጁን ስለመቀስቀሱ የተረጋገጠ ነገር የለም። ክትትሏን እኔ ጋ የምታደርግ አንዲት መምህርት ደግሞ እህቷ ከውጭ የልብ ምት ማዳመጫ ልካላት እሱን ይዛ ቤቷ ቁጭ ብላለች። የምትሰሚው የራስሽ ደም ሥር ሊሆን ይችላል፤ የልጁም ቢሆን፣ የታመመ ልጅም ልቡ ይመታል። የሚያስፈራኝ ነገር ቢኖር እንዲህ ያለ ማጽናኛ ነው። እንቅስቃሴው ከቀነሰብሽ ነገ አትበይ።

ከ28 ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ስትተኚ በጎንሽ ተኚ፣ በጀርባሽ አይሁን። ሌሊት ነቅተሽ ራስሽን በጀርባሽ ተኝተሽ ብታገኚ አትደንግጪ፣ ዞር በይና ቀጥዪ።

ጤና ተቋም ስትደርሺ ካርድ ክፍል ሰልፍ ይዘሽ አትቁሚ። በቀጥታ ወደ ማዋለጃ ክፍል ሂጂና «የልጄ እንቅስቃሴ ቀንሷል፣ ይህን ያህል ሳምንቴ ነው፣ መጨረሻ የሰማሁት በዚህ ሰዓት ነው» በይ። «ትንሽ ጤና አላገኘሁም» ካልሽ ተራ ጠብቂ ትባያለሽ። የክትትል ካርድሽን ያዢ። ልቡን ያዳምጡታል፣ መሣሪያው ካለ ቀበቶውን ሆድሽ ላይ አስረው ምቱን ለተወሰነ ጊዜ ይከታተላሉ፣ አልትራሳውንድም ሊያዩሽ ይችላሉ።

ብዙዎቹ ደህና ሆነው ይገኛሉ፣ እናትየውም «በከንቱ አስቸገርኳችሁ ሲስተር» እያለች ነጠላዋን ታስተካክላለች። እኔም የምላት አንድ ነው፤ ነገ ከቀነሰብሽ ነገም ነይ።